ሜዳ ስለሆነች ብቻ አይደለም፦ ኔዘርላንድስ ብስክሌቷን እንዴት መልሳ አገኘች?

ስለ ኔዘርላንድስ፣ ብዙዎቻችን ሆላንድ ስለምንላት ሀገር፣ ሲወራ ሦስት ነገሮች አይቀሩም፤ አበባ፣ እግር ኳስና ብስክሌት። ሕዝቧ ወደ 18 ሚሊዮን ይጠጋል፤ የብስክሌቶቿ ቁጥር ግን ከሕዝቧም ይበልጣል። እዚያ ጠቅላይ ሚኒስትር በብስክሌት ሥራ ቢገባ ማንም ዞር ብሎ አያይም። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ «ሀገሩ ሜዳ ነዋ!»

እውነት ነው፣ ሀገሩ ሜዳ ነው። ግን ይህን መልስ እስቲ እንደ አንድ መላምት ወስደን እንፈትነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አምስተርዳም ውስጥ አብዛኛው ሰው ከቦታ ቦታ የሚሄደው በብስክሌት ነበር። በ1970 ገደማ ግን የብስክሌት ድርሻ ወደ ሩብ ያህል ወርዶ ነበር። ዛሬ ደግሞ መልሶ አንሰራርቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መሬቱ ያው ሜዳ ነው፤ አልተነሳም፣ አልወረደም። ያልተለወጠ ነገር ደግሞ የተለወጠን ነገር ብቻውን ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን።

ምክንያቱን ፍለጋ ስንወጣ የምናገኘው ሰዎችን ነው። ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ጋዜጠኛ፣ መንገድ ላይ ምግብ ያቀረቡ እናቶች፣ «መጫወቻ አጣን» ያሉ ሕፃናት፣ ፖሊስ የሚያበሽቁ ወጣቶች፣ ግትር ኢንጂነሮችና በ20ዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ አንድ ፖለቲከኛ። ይህ የእነሱ ታሪክ ነው። (ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦዩን ደፍነን አስፋልት እናድርገው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኔዘርላንድስ በፍጥነት በለጸገች። ደመወዝ አደገ፣ ፋብሪካው ተስፋፋ፣ መኪና መግዛትም የተራው ሰው ሕልም መሆኑ ቀርቶ እውን ሆነ። በ1960 በሀገሪቱ የነበሩት የቤት መኪኖች ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በአንድ አሥርት ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ችግሩ ከተሞቹ ለመኪና የተሠሩ አልነበሩም። የአምስተርዳም መሃል ከተማ የተቀየሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለጀልባና ለፈረስ ጋሪ ነው። ጠባብ ጎዳናዎች አሉ፣ በመሃላቸው የውኃ ቦዮች ይሄዳሉ። ታዲያ መኪናው የት ይለፍ? የት ይቁም? የዘመኑ ባለሙያዎች መልስ ቀላል ነበር፦ ከተማውን ለመኪናው እናስተካክለው። በ1954 የከተማው የፖሊስ አዛዥ ሄንድሪክ ካስያገር ከቦዮቹ ብዙዎቹ ተደፍነው መንገድና መኪና ማቆሚያ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። በ1967 ደግሞ ዴቪድ ዮኪነን የተባለ አሜሪካዊ የትራፊክ ባለሙያ አውራ ጎዳና እስከ መሃል ከተማ ድረስ የሚያስገባ ዕቅድ አሳተመ። በዕቅዱ መሠረት ደ ፔይፕ የተባለው የሠራተኞች ሰፈር በአብዛኛው መፍረስ ነበረበት።

ዛሬ ቱሪስት ከዓለም ዙሪያ መጥቶ ፎቶ የሚነሣባቸውን እነዚያን ቦዮች አስቧቸው። ለጥቂት ነው አስፋልት ሳይሆኑ የቀሩት።

እነዚህን ዕቅዶች ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በዘመኑ አስተሳሰብ ብስክሌት ያለፈ ዘመን ዕቃ ነበር፤ የድሃ መጓጓዣ። መኪና ደግሞ የነፃነትና የዕድገት ምልክት። «ወደ ፊት ሁሉም ሰው መኪና ይኖረዋል» ብሎ ያመነ አስተዳደር ለብስክሌት መንገድ የሚያወጣው ገንዘብ እንደ ብክነት ይታየዋል። ትንበያውም ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል፦ ለመኪና ብቻ መንገድ ይሠራል፣ ብስክሌት መንዳት አደገኛ ይሆናል፣ ሰው ፈርቶ ይተወዋል፣ ከዚያ «አያችሁ? ብስክሌት የሚነዳ የለም» ይባላል።

ነጮቹ ብስክሌቶች

ይህን ሽክርክሪት መጀመሪያ በይፋ ያፌዙበት ፕሮቮ የሚባሉ የአምስተርዳም ወጣቶች ናቸው። ስማቸው «ተንኳሽ» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ሥራቸውም እንደ ስማቸው ነበር። ባለሥልጣናትን በቀልድ፣ በቴአትርና በወረቀት ይተነኩሳሉ። በ1965 ከመካከላቸው አንዱ፣ ሉድ ስኪመልፔኒንክ የተባለ የፈጠራ ሰው፣ «የነጭ ብስክሌት ዕቅድ» የሚል ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡ መሃል ከተማው ለግል መኪና ይዘጋ፣ የከተማው አስተዳደር ደግሞ ነጭ ቀለም የተቀቡ ብስክሌቶች ገዝቶ በየመንገዱ ያስቀምጥ የሚል ነበር። ማንም ሰው ነድቶ የደረሰበት ቦታ ይተዋቸዋል፤ ቁልፍ የላቸውም፣ ባለቤት የላቸውም።

ፕሮቮዎቹ ጥቂት ብስክሌቶችን ራሳቸው ነጭ ቀብተው አወጡ። ፖሊስ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰብስቦ ወሰዳቸው። ምክንያቱ «ብስክሌት ሳይቆለፍ ማቆም ክልክል ነው» የሚል ደንብ መኖሩ ነበር። ለሌባ እንዳይመቻች የወጣ ደንብ፣ ለሁሉም የተሰጠን ብስክሌት ለመያዝ ዋለ።

በኋላ ስኪመልፔኒንክ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ሐሳቡን በሕጋዊው በር አቀረበው፤ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በዚያን ጊዜ ሲታይ ሽንፈት ነው። ግን ዛሬ ከፓሪስ እስከ ቻይና ከተሞች ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚነዳቸው የጋራ ብስክሌቶች የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር እነዚያ ጥቂት ነጭ ብስክሌቶች ላይ ይደርሳል። ስኪመልፔኒንክም አልተወም፤ በ1974 በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትናንሽ የጋራ መኪኖችን አምስተርዳም ላይ ሥራ አስጀመረ። ሐሳብ አንዳንዴ ከቴክኖሎጂው ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ይወለዳል።

ቀልድ ግን ብቻውን ፖሊሲ አይለውጥም። ነገሩን የለወጠው ሐዘን ነው።

ከ400 በላይ ሕፃናት

በ1971 በኔዘርላንድስ መንገዶች ላይ 3,300 ገደማ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ሀገሪቱ ያኔ 13 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እንደነበራት አስቡ። በየቀኑ ቢያንስ አንድ ቤተሰብ ልጁን ይቀብር ነበር ማለት ነው። ብዙዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ወይም ደጃቸው ላይ ሲጫወቱ የተገጩ ናቸው።

በዚያ ዓመት ከሞቱት መካከል አንዷ የቪክ ላንገንሆፍ ልጅ ነበረች። ላንገንሆፍ «ደ ቴይድ» የተባለ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው። በ1972 በጋዜጣው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ «የሕፃናቱን ግድያ አቁሙ» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ በሉልኝ። «አደጋ» አላለም፤ «ግድያ» ነው ያለው። አደጋ ስንል ማንም ያላሰበው፣ ማንም ሊያስቀረው የማይችል፣ ከሰማይ የወረደ ነገር ይመስላል። «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ግድያ ሲባል ግን ጥያቄ ይነሣል፦ ማን ገደለ? ማን ፈቀደ? ላንገንሆፍ ጣቱን የቀሰረው በአንድ ሾፌር ላይ ሳይሆን መንገዱን እንዲህ አድርጎ በሠራውና ዝም ብሎ ባየው ሥርዓት ላይ ነው። ብዙ ሰው ቃሉ በዛ፣ ከረረ ብሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቃሉ ሥራውን ሠርቷል።

ከጽሑፉ በኋላ በዚያው ስም አንድ እንቅስቃሴ ተመሠረተ። የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ማርትዬ ፋን ፑተን ነበረች፤ ያኔ ወጣት እናት፣ በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል። የእንቅስቃሴው ዘዴ ቀላል ነው፣ ግን ብልሃት አለበት። ሰው የሚገጭባቸውን መስቀለኛ መንገዶች ሄደው ይይዛሉ። በብስክሌት ሰልፍ ይወጣሉ። አንድ ጎዳና ለመኪና ዘግተው ጠረጴዛ ያወጣሉ፣ ሰፈሩ አንድ ላይ እራት ይበላል፣ ልጆች በመሃል ይሯሯጣሉ። ተሰብስበው በብስክሌት ጠቅላይ ሚኒስትር ዮፕ ደን ኧይል ቤት ድረስ ሄደው ዘፈን የዘፈኑበትም ጊዜ አለ። እሱም ወጥቶ ሰማቸው።

ይህን ስታነቡ «መንገድ ላይ እራት መብላት ምን ይለውጣል?» ልትሉ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ያሳያል፦ መንገድ ማለት የመኪና መተላለፊያ ብቻ እንዳልሆነ። ሰው ይህን በዓይኑ አይቶ፣ ልጁ ሲጫወት ሰምቶ ሲያበቃ፣ በማግስቱ ያው ጎዳና በመኪና ሲሞላ «እንዲህም መሆን ይችል ነበር» ብሎ ያስባል።

ለመፍረስ ታስቦ የነበረው የደ ፔይፕ ሰፈር ልጆችም ዝም አላሉም። ሰፈሩ ከዚያ ጊዜ መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ መኪና ከመኖሩ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ ሕዝቡ ብዙ፣ መንገዱ ጠባብ፣ መጫወቻ የሚባል የለም። በ1972 ልጆቹ ራሳቸው ፊርማ ሲያሰባስቡና መንገድ ሲዘጉ፣ አንዳንድ ሾፌሮች ደግሞ ሲቆጡባቸው የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በቴሌቪዥን ተላለፈ። ልጆቹ የጠየቁት ትልቅ ነገር አልነበረም። በሰፈራቸው መጫወት እንዲችሉ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት የአምስተርዳም ምክር ቤት ኒውማርክት የተባለውን ጥንታዊ ሰፈር ሰንጥቆ ሊያልፍ የነበረውን ሰፊ መንገድ በአንድ ድምፅ ልዩነት ውድቅ አደረገ። አንድ እጅ ወደ ሌላ በኩል ቢነሣ ኖሮ የዛሬዋ አምስተርዳም ሌላ ከተማ ነበረች።

ነዳጅ ሲጠፋ

በ1973 የጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈነዳ። ኔዘርላንድስ እስራኤልን ስለደገፈች ዓረብ ነዳጅ አምራቾች ነዳጅ ከለከሏት። መንግሥት ቁጠባ አወጀ። ከኅዳር 4 ቀን 1973 ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪና መንዳት ተከለከለ፤ ክልከላው እስከ ጥር 1974 መጀመሪያ ቆየ።

እሑድ ጠዋት ምን ሆነ? አውራ ጎዳናው ባዶ። ሰዎች በብስክሌት፣ በእግር፣ በፈረስ፣ በተሽከርካሪ ጫማ ወጡበት። ልጆች መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚከንፍበት አስፋልት ላይ ተቀመጡ። የከተማው ድምፅ ተለወጠ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲተረክ «የነዳጅ ቀውሱ ነው ኔዘርላንድስን ወደ ብስክሌት የመለሳት» ይባላል። ጥንቃቄ ያሻል። የነዳጅ ቀውሱ ሌሎች ብዙ ሀገሮችንም መትቷል፤ ከኔዘርላንድስ ጋር አብራ የተከለከለችው አሜሪካ ናት፣ ግን የአሜሪካ ከተሞች ወደ ብስክሌት አልዞሩም። ልዩነቱ የት ላይ ነው? ቀውሱ ሲመጣ በኔዘርላንድስ አስቀድሞ የተደራጀ ሕዝብ፣ የተዘጋጀ ጥያቄ፣ ጥያቄውን የሚሰማ መንግሥት ነበር። ቀውስ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባው ግን አስቀድሞ ደጅ ላይ የቆመ ሰው ነው።

የኢንጂነሮቹ ተራ

ጥያቄው ተሰማ እንበል። ከዚያስ? «መንገዱን ለሰው አድርጉት» ማለት ቀላል ነው፤ ግን በድንጋይና በአስፋልት እንዴት ይሠራል?

ዴልፍት በምትባለው ትንሽ ከተማ ዮስት ቫል የተባለ የማዘጋጃ ቤት ኢንጂነር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነገሮችን ይሞክር ነበር። በመኖሪያ ሰፈር መንገድ ላይ ጉብታ ይሠራል፣ መንገዱን ያጣምመዋል፣ ዛፍና መቀመጫ በመሃል ያስገባል። ዓላማው ሾፌሩ በምልክት ተነግሮት ሳይሆን መንገዱ ራሱ አስገድዶት እንዲያዘግም ነው። ይህ ዓይነት መንገድ «ቮንኤርፍ» ተባለ፤ «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ኒክ ደ ቡር የተባለ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነው። በ1976 ቮንኤርፍ በሕግ ታወቀ፦ በዚያ መንገድ ላይ እግረኛ ሙሉውን ስፋት ይጠቀማል፣ ልጅ ይጫወታል፣ መኪና ደግሞ እንደ እንግዳ በእግረኛ ፍጥነት ይገባል።

ፍጥነት ላይ ይህን ያህል ለምን ተጨነቁ? ትንሽ ፊዚክስ እንሥራ። አንድ ሾፌር ከፊቱ ልጅ ሲገባበት እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በሰዓት 30 የሚሄደው 8 ሜትር ገደማ። ከዚያ ፍሬኑ ይይዛል። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬን፣ ባለ 30ው በተጨማሪ 5 ሜትር ውስጥ ይቆማል። ድምር 13 ሜትር። ልጁ የገባው 14 ሜትር ላይ ከሆነ መኪናው አልነካውም። ባለ 50ው ግን 14 ሜትር ላይ ሲደርስ ገና ፍሬን መርገጡ ነው። ልጁን የሚመታው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የሚገርመው ይህ ነው፤ ልዩነቱ 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ውጤቱ ግን በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በቲልበርግና በሄግ ከተሞች ሰፋ ያሉ፣ ከመኪና የተለዩ፣ ከተማውን አቋርጠው የሚያልፉ የብስክሌት መንገዶችን በሙከራ መልክ አሠራ። ባለሱቆች ተቃወሙ፣ ገንዘብም ወጣ። ውጤቱ ሲጠና በእነዚያ መንገዶች ላይ የብስክሌተኛው ቁጥር ጨምሯል፤ በከተማው ሁሉ ሲታይ ግን ብስክሌት የጀመረ አዲስ ሰው ብዙ አልነበረም። ለምን? አንድ ምርጥ መንገድ አለ እንበል፤ ግን ቤታችሁ ከእሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ትምህርት ቤታችሁም ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ያን ሁለት ኪሎ ሜትር ከመኪና ጋር እየተጋፋችሁ ካልሆነ አትደርሱም። እናታችሁ ትፈቅዳለች? አትፈቅድም።

ዴልፍት ይህን ተምራ በ1980ዎቹ ሌላ ዘዴ ሞከረች። አንድ ውድ መንገድ ከመሥራት ይልቅ ከተማውን በሙሉ እንደ መረብ ማያያዝ። ለረጅም ጉዞ ሰፊ መስመሮች፣ ለሰፈር ለሰፈር መካከለኛ መስመሮች፣ በሰፈር ውስጥ ደግሞ ልጅ ለብቻው የሚሄድባቸው ትናንሽ መስመሮች። ብዙው ሥራ አዲስ መንገድ መገንባት አልነበረም፤ የጎደለችውን ድልድይ ማስገባት፣ የተቆረጠውን መቀጠል ነው። በዚህ ጊዜ የብስክሌት ድርሻ በከተማው ሁሉ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ የሀገሪቱ ባለሙያዎች «መስመር» ብለው ሳይሆን «መረብ» ብለው ማሰብ ጀመሩ።

በአንድ ሌሊት

በሰሜን በኩል የምትገኘው የግሮኒንገን ከተማ ታሪክ ደግሞ ፖለቲካ ነው። ማክስ ፋን ደን በርግ በ1970 የከተማው አስተዳደር አባል ሲሆን ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። እሱና ጓዶቹ መሃል ከተማው በመኪና መጨናነቁን አይተው አንድ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ በጣም ቀላል ስለሆነ በወረቀት ላይ ልትስሉት ትችላላችሁ። መሃል ከተማውን እንደ ዳቦ አራት ቦታ ቁረጡት። መኪና ወደ አራቱም ቁራሾች መግባት ይችላል፤ ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው ግን በቀጥታ ማለፍ አይችልም። መጀመሪያ ወደ ዙሪያው መንገድ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በሌላ በኩል መግባት አለበት። እግረኛ፣ ብስክሌትና አውቶቡስ ግን በቀጥታ ያልፋሉ።

ማንም መኪና አልተከለከለም። ማንም መኪናውን እንዲሸጥ አልተገደደም። የተለወጠው ስሌቱ ብቻ ነው፦ ለአጭር ጉዞ ብስክሌት ከመኪና ፈጣን ሆነ።

ነጋዴዎቹ ግን በጣም ተቆጡ። ደንበኛ በመኪና ካልመጣ ሱቃችን ይዘጋል አሉ። ይህ ስጋት መቀለጃ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው። አስተዳደሩ ግን አልተመለሰም። በመስከረም 1977 በአንድ ሌሊት የመንገድ ምልክቶቹ ተቀየሩ፤ ከተማው ሲነቃ ዕቅዱ ሥራ ጀምሯል። ቀስ በቀስ ማድረግ ይሻል ነበር? አንዳንዱ እንዲያ ይላል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ምልክት ሲተከል አንድ ጠብ ይነሣ ነበር።

ከተማው አልሞተም። ዛሬ ግሮኒንገን ውስጥ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ የማያንሱት በብስክሌት ናቸው፤ ከተማዋም በዓለም ላይ ስለ ብስክሌት ሲነሣ ከፊት ከሚጠሩት ናት።

ስማቸውን የተቀሙት ብስክሌተኞች

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በ1883 የኔዘርላንድስ ብስክሌተኞች ማኅበር መሠረቱ። ጊዜው ሲለወጥ አባላቱ መኪና ገዙ፤ ማኅበሩም ከእነሱ ጋር ተለውጦ ትልቁ የመኪና ባለቤቶች ድርጅት ሆነ። ስሙ ግን አሁንም «የብስክሌተኞች ማኅበር» ነው! በ1975 አዲስ የብስክሌተኞች ማኅበር ሲመሠረት መሥራቾቹ «ብቸኛውና እውነተኛው» የሚል ስም አወጡለት። አሮጌው ማኅበር ስሜን ወሰዳችሁ ብሎ ስለተቃወመ ስሙ ተስተካከለ፤ «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ግን አልለቀቋትም።

ይህ ማኅበር ከጩኸት ያለፈ ሥራ ነበረው። በየከተማው ያሉ አባላት ብስክሌት እየነዱ ችግር ያለበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግቡ ነበር፦ እዚህ ላይ መንገዱ በድንገት ያልቃል፣ እዚህ መስቀለኛ ላይ መታጠፍ አይቻልም፣ እዚህ መኪና መንገዱን ዘግቶ ይቆማል። ከዚያ በካርታ ላይ አድርገው ለማዘጋጃ ቤቱ ይሰጣሉ። አንድ ባለሥልጣን «መንገዱ መጥፎ ነው» የሚልን ሰው በፈገግታ ሊሸኝ ይችላል። መቶ ነጥብ የተለጠፈበትን ካርታ ግን ምን ብሎ ይመልሰዋል?

በአምስተርዳም በሺዎች የሚቆጠሩ ብስክሌተኞች በተደጋጋሚ ሰልፍ ወጡ። በ1978 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ አዲስ አስተዳደር መጣ፤ የትራፊክ ጉዳይ የተሰጠው ሚኻኤል ፋን ደር ፍሊስ ብስክሌትን ከልቡ የሚደግፍ ሰው ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል በቦታው ቆየ። ሰልፈኛው ወደ ምርጫ፣ ምርጫው ወደ በጀት፣ በጀቱ ወደ አስፋልት ተቀየረ።

ምን ተገኘ? ምንስ ቀረ?

በ1971 ከ400 በላይ የነበረው በመንገድ የሚሞት ሕፃን ቁጥር በ2010 ወደ 14 ወረደ። አጠቃላይ ሟቾች፣ ሕዝቡ በብዙ ሚሊዮን ጨምሮ፣ መኪናውም ተባዝቶ፣ ከ3,300 ገደማ ወደ ብዙ መቶዎች ዝቅ ብለዋል። ይህን ሁሉ ያመጣው የብስክሌት መንገድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የደኅንነት ቀበቶ፣ የተሻለ መኪና፣ የመጠጥ ቁጥጥር፣ የተሻለ ሕክምና ሁሉም ድርሻ አላቸው። ግን አንድ ልጅ ዛሬ ለብቻው በብስክሌት ትምህርት ቤት መሄድ መቻሉ የእነዚያ እናቶች ውጤት ነው።

ታሪኩ ግን ተረት አይደለም፤ «በደስታ ኖሩ» ብሎ አያልቅም። ዛሬ በኔዘርላንድስ መንገድ ላይ ከሚሞቱት መካከል ትልቁን ድርሻ የያዙት ብስክሌተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም አዛውንቶች። ፈጣን የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች አዲስ ጥያቄ አምጥተዋል። ወደ መጀመሪያው መላምታችንም ብንመለስ፣ ሜዳው ምንም አልረዳም ማለት አይደለም። ብስክሌት በኔዘርላንድስ ጨርሶ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሰዎቹ የተነሡት ከዜሮ አልነበረም። ሜዳው ነገሩን የሚቻል አደረገው፤ እንዲሆን ያደረጉት ግን ሰዎቹ ናቸው።

እኛስ?

አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፒያሳ ወደ እንጦጦ በብስክሌት ውጡ ብትባሉ ሳንባችሁ ይመሰክራል። ግን የአዲስ አበባ ነገር ከብስክሌትም በፊት የእግር ነገር ነው። በከተማዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር ናቸው፤ በመኪና ተገጭተው ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለ መንገድ ስናወራ ስለ ብዙኃኑ ሕይወት ነው የምናወራው።

የተጀመሩ ነገሮች አሉ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. (በ2018 መሆኑ ነው) «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች እሑድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ተጫውተውባቸዋል፣ ሰዎች ስፖርት ሠርተውባቸዋል። በ2020 የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሆን የአሥር ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የዴልፍት ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማል፦ የተሠራውን መስመር ስናይ «ያምራል» ከማለት አልፈን «ከየት ተነሥቶ የት ያደርሳል? ሰፈሬን ከትምህርት ቤቴ ያገናኛል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ይህን ለመጠየቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤታችሁ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ሂዱበት። የእግረኛ መንገዱ የት ጋ ይቋረጣል? ክዳን የሌለው ቱቦ የት አለ? ዜብራው ላይ መኪና ይቆማል ወይስ ያልፋል? አንዲት አሮጊት ለመሻገር ስንት ደቂቃ ቆመው ይጠብቃሉ? በካርታ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጉት። ጓደኞቻችሁም የየራሳቸውን ይጨምሩበት። ከዚያ ካርታውን ለትምህርት ቤታችሁ ወይም ለወረዳችሁ አሳዩት። የኔዘርላንድስ ብስክሌተኞችም ወደ ማዘጋጃ ቤት ይዘው የሄዱት እንዲህ ያለ ካርታ ነበር።